ትዕግሥትን ማን ከማን ይጠይቃል?

ከምግባራት ሁሉ ሰው በራሱ ላይ ሳይሆን በባልንጀራው ላይ አይቶ ማመስገን የሚወደው ምግባር ትዕግሥት ነው። ለጋስነትን፥ ድፍረትን፥ ዕውቀትን ለራሳችን እንመኛለን፤ ትዕግሥትን ግን፥ በተለይ ደጃችን ላይ ቆሞ የሚጠብቀን ሰው ያለ እንደ ሆነ፥ ለእርሱ አብዝቶ እንዲሰጠው እንጸልይለታለን። ይህ የሰውን ጠባይ የሚያሳይ ቀላል ትዝብት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አካሉ ጎድሎ ሠርቶ መብላት የተሳነው ሰው፥ በሕግ የተቈረጠለት አበል በወሩ ሳይደርሰው ሁለትና ሦስት ወር ሲያልፍ፥ «ታገሥ፥ እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል ከከፋዩ መሥሪያ ቤት መስኮትም ከሰባኪው ዐውደ ምሕረትም በአንድ ድምፅ ሲወጣ በሰማን ጊዜ፥ ትዝብቱ ወደ ትልቅ የሃይማኖትና የኅሊና ጥያቄ ይለወጣል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ትዕግሥት በእውነት መንፈሳዊት ትሩፋት ከሆነች፥ ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ሳይከፍል ከባለ ገንዘቡ ሊጠይቃት መብት አለውን?

ነገሩ የምጽዋት ነገር ቢሆን ኖሮ ጥያቄው በቀለለ ነበር። መጽዋች በፈቃዱ የሚሰጥ ነውና ዛሬ ቢሰጥ ይመሰገናል፥ ነገ ቢሰጥም አይከሰስም። በአገራችን ግን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ፥ ጤናው ወይም አካሉ ጎድሎ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ የሚያገኘው ክፍያ ከቸርነት ክልል ወጥቶ ወደ መብት ክልል ገብቷል። በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኞችም ወደዚሁ ሥርዓት ገብተው፥ ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፥ አሠሪውም ከመቶ 11 ያዋጣሉ፤ በሥራ ላይ ሳለ ጉዳት የደረሰበት ሰውም ስንት ዘመን እንዳገለገለ ሳይቆጠርበት አበሉ እንዲከበርለት ሕጉ ያዛል። እንግዲህ ይህ ሰው በመስኮቱ ፊት ሲቆም የሚጠይቀው የሌላውን ገንዘብ አይደለም፤ ጤነኛ ሳለ ከእጁ እየተቈረጠ ሲቀመጥለት የኖረውን የራሱን ነው። በገጠርም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት፥ ሕዝቡ ባጭሩ ሴፍቲኔት በሚለው መርሐ ግብር፥ ጉልበት ያለው መንገድ እየጠረገና እርከን እየሠራ ሲከፈለው፥ አካል ጉዳተኛውና አረጋዊው፥ የሚሠራለት ሰው በቤቱ የሌለው፥ ያለ ሥራ በቀጥተኛ ድጋፍ ስም እንዲረዳ ተወስኗል። ይህ ሁለተኛው ከራሱ መዋጮ የመጣ አይደለም ብለው ይከራከሩን ይሆናል፤ ወደዚያ ክርክር ኋላ እመለሳለሁ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5፥ መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፥ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን አቅም በፈቀደው መጠን ይረዳ ዘንድ ተጽፏል። ይህች የአቅም ነገር የብዙ መዘግየት መጠጊያ ሆናለች። ነገር ግን በቅን ልቡና ለሚያነባት ሰው፥ አቅም የሚወስነው ምን ያህል እንደሚሰጥ ነው እንጂ፥ እንዲሰጥ የተወሰነው በየትኛው ወር እንደሚደርስ አይደለም። ድኻ አባት ለልጁ ጥቂት ቢሰጠው አቅሙ ነው ይባላል፤ ጥቂቷን ከኪሱ ይዞ ልጁን ጦም ቢያሳድረው ግን አቅሙ ነው የሚለው ሰው አይገኝም።

መዘግየትን ቀላል በደል የሚያደርገው አስተሳሰብ፥ «ዘገየ እንጂ አልጎደለም» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ለባለ ጠጋ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለድኻ ግን ሐሰት ነው። እህል ከኅዳርና ከታኅሣሥ ምርት በኋላ፥ በጥር ወር ርካሽ ሆኖ ይሰነብትና፥ ጎተራው እየጎደለ በሄደ መጠን ዋጋው እየወጣ፥ በሐምሌና በነሐሴ ጫፍ ይደርሳል። በጥር ሊከፈል የሚገባው ብር በሐምሌ ቢከፈል፥ በወረቀቱ ላይ ያለው ቍጥር ያው ነው፤ በቁናው ውስጥ ያለው እህል ግን ያው አይደለም። የብር ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋዜማ ሊከፈላቸው ሲገባ ከዚያ በኋላ ወራት ዘግይቶ የደረሳቸው ሰዎች፥ ምን ያህል እንደ ጎደለባቸው ለማስረዳት የሒሳብ ሊቅ መጥራት አላስፈለጋቸውም፤ ዘይት ሊገዙ ሄደው ዐወቁት። ከዚህም በላይ በመካከሉ የተበደሩት አለ፤ አራጣ የተከፈለበት አለ፤ በርካሽ የተሸጠች ዶሮና የተሸጠ ጋቢ አለ። መድኀኒት ያቋረጠም አለ፤ የተቋረጠ መድኀኒት ደግሞ በውዝፍ ተደምሮ ሲመጣ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ሕገ ኦሪት ይህን ሁሉ ጠንቅቃ ታውቀው ነበር። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቍጥር 13 ላይ፥ ባልንጀራን መበደልና መንጠቅ በተከለከለበት በዚያው ቍጥር፥ የሞያተኛው ዋጋ በአሠሪው ቤት እስከ ጥዋት እንዳያድር ታዝዟል። ሌሊቷ አንዲት ናት፤ ገንዘቡም አልጠፋም፥ በማግሥቱ ሊከፈል ይችላል፤ ሆኖም ሕጉ ያችን አንዲት ሌሊት ከንጥቂያ ጋር በአንድ መስመር ቈጥሯታል። ወዲያው በሚከተለው ቍጥር 14 ደግሞ ደንቆሮን ከመስደብና በዕውር ፊት ዕንቅፋት ከማኖር እንድንጠበቅ ያዛል። እነዚህ ሁለት ትእዛዛት ጎን ለጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ እኔ ግን ሁለቱን በተከታታይ ባነበብኋቸው ቍጥር፥ አንደኛው የሁለተኛው ፍቺ ሆኖ ይታየኛል። የደንቆሮው ስድብ፥ የዕውሩም ዕንቅፋት፥ በዳዩ በተበዳዩ ዘንድ ሳይታወቅበት የሚፈጸሙ በደሎች ናቸው። የአበል መዘግየትም እንደዚያው ነው፤ ተበዳዩ ማን እንዳዘገየበት፥ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ተቀመጠበት፥ ዕንቅፋቱን ማን እንዳኖረው አያይም። ስለዚህም በሁለቱም ትእዛዝ መካከል ያለው ማሰሪያ፥ ሰው ባያይህ እግዚአብሔርን ፍራ የሚለው ነው።

የማውቀው አንድ ግንበኛ አለ። ከሕንጻ መወጣጫ ላይ ወድቆ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ካጣ ወዲህ በክራንች ይሄዳል። ከደመወዙ ከመቶ 7 ወር በወር ይቈረጥበት ነበር፤ የተቈረጠው ግን ለብዙ ወራት በጊዜው ገቢ ሳይደረግ ቆይቶ ኖሮ፥ አበሉ ከተወሰነለት በኋላ እንኳ አንድ ወር ይመጣል፥ ሁለት ወር ይቀራል። ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን ሲስተም የለም፥ ሌላ ቀን ፋይልዎ ከመዝገብ ቤት አልወጣም፥ ሌላ ቀን ፈራሚው ስብሰባ ገብተዋል፥ «ሰኞ ብቅ ይበሉ፥ አባቴ» ይባላል። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። ባለፈው ዓመት ደግሞ የሕክምና ቦርድ እንደ ገና ይይዎት አሉት። «እግሬ አለመብቀሉን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አምጣ ተብያለሁ» ብሎ ሲነግረኝ እርሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

በሰፈሩ ካለች አንዲት ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። የዱቤው ደብተር ጠርዙ በጣት እድፍ የጠቈረ ባለ መስመር ደብተር ሲሆን፥ ባለ ሱቁ ደንበኞቹን በስማቸው ሳይሆን በመልካቸው ወይም በቤታቸው ነው የሚጽፋቸው፤ የዚህ ሰው ገጽ «ባለ ክራንቹ» ይላል። ስኳርና ዘይት ሲወስድ፥ ባለ ሱቁ ክፉ ቃል ተናግሮት አያውቅም፤ «ጋሼ፥ ሲመጣ ይሰጡኛል» ይለዋል። አበሉ በዘገየ ወር ግን ይህ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ በሱቁ በኩል ያለውን አጭሩን መንገድ ትቶ፥ በላይኛው ዳገት በኩል ዞሮ ይሄዳል። በአንድ እግርና በሁለት እንጨት ዳገት መውጣት ምን እንደ ሆነ እርሱ ያውቃል፤ ሆኖም ከባለ ሱቁ ዓይን ዳገቱ ይሻለዋል። እኔም ስለዚህ ነገር ስጽፍ ከገንዘቡ ጉድለት ይልቅ ይበልጥ በዓይኔ ላይ የሚሄደው ይህ ዙሪያ መንገድ ነው። ሰውየው ዐመፀኛ አይደለም፥ ዕዳውን ክዶ አያውቅም፥ ገንዘብም አለው፤ ገንዘቡ ግን በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ስላደረ፥ ኀፍረቱ በእርሱ ላይ አደረ። ዕዳው የከፋዩ ሆኖ ሳለ ተሸማቃቂው ተከፋዩ ሲሆን፥ ይህ ከገንዘብ ንጥቂያ ያለፈ ሌላ ንጥቂያ ነው።

ለእንዲህ ያለ ሰው ማጽናኛ ሆኖ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራለት ጻድቁ ኢዮብ ነው። ኢዮብን የሚጠሩለት ሰዎች ግን መጽሐፉን ከመጀመሪያው ሁለት ምዕራፎች ወደ መጨረሻው ዘለው ያነበቡ ይመስለኛል። ከ42ቱ ምዕራፎች በሚበዙት ውስጥ ኢዮብ ዝም ብሎ የተቀመጠበት ጊዜ የለም፤ ይከራከራል፥ ይሟገታል፥ ክሱ በጽሑፍ ይሰጠኝ ይላል። ዝም እንዲል የሚመክሩት፥ መከራህ ኃጢአትህን ቢያሳይ እንጂ እያሉ የሚገሥጹት ሦስቱ ወዳጆቹ ናቸው፤ በፍጻሜውም እግዚአብሔር የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነው እንጂ በተሟጋቹ ላይ አይደለም። ይልቁንም ኢዮብ በምዕራፍ 31 ስለ ንጽሕናው በማለ ጊዜ፥ አልሠራኋቸውም ካላቸው በደሎች አንዱ የመበለቲቱን ዓይን በመጠበቅ ማድከም ነው። ባለ ጸጋ ሳለ ሰው ደጁ ላይ አላስጠበቀም ማለት ነው። እንግዲህ ኢዮብን ለሚጠብቀው ሰው ከመጥቀስ አስቀድሞ ለሚያስጠብቀው ሰው መጥቀስ በተገባ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የቅዱሳን ገድል ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ቆመው አንዲት እግራቸው ከተሰበረች በኋላ ሰባት ዓመት በአንድ እግር እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያንም ጥር 24 ቀን የአጽማቸውን መሰበር ታከብራለች፤ ሠዓልያንም የተሰበረችውን እግር ከጎናቸው ይሥሏታል። ይህን ሥዕል አይቶ የማይጽናና አካል ጉዳተኛ ምእመን ጥቂት ነው፥ መጽናናቱም መልካም ነው። ነገር ግን ጻድቁ የቆሙት ማንም አቁሟቸው አይደለም። በፈቃድ የሚቀርብ መሥዋዕትና በግድ የሚወሰድ ግብር በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በኅሊና ሚዛን ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ጾምንም እንደዚሁ እንመልከት። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም ሰው ይራባል፤ አበሉ የዘገየበትም ሰው ይራባል፤ ሆዳቸው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ፥ አንደኛ፥ ጾመኛው ረኀቡን ራሱ ለአምላኩ ሰጥቷል። ሁለተኛም፥ ይህችኛዋ ነገር ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች፥ ጾመኛው የሚፈታበትን ሰዓት ያውቃል። የቅዳሴው ማብቂያ፥ የዘጠኝ ሰዓት ደወል፥ የረመዳንም ጾመኛ ቢሆን የመግሪብ አዛን፥ ለረኀቡ ዳርቻ ያበጁለታል። ዳርቻ የሌለው ረኀብ ጾም ሊባል አይችልም።

ስለዚህ በመዘግየትና በእርግጠኝነት ማጣት መካከል ያለውን ልዩነት ጥቂት ልብ ብለን እንመርምር። ክረምት ሁልጊዜ አንድ ወር ዘግይቶ የሚገባበት አገር ገበሬ ዘሩን አንድ ወር አዘግይቶ ይዘራል፤ ይኖራልም። ገበሬውን የሚገድለው አንዳንድ ዓመት ቀድሞ፥ አንዳንድ ዓመት ዘግይቶ፥ አንዳንድ ዓመትም ደመናውን አሳይቶ የሚቀር ዝናም ነው። አበልም ሁልጊዜ በ15 ቀን የሚዘገይ ቢሆን ድኻው ኑሮውን በዚያው ልክ ያበጃል፥ ለባለ ሱቁም እውነተኛ ቀን ይነግረዋል። ቀኑ የማይታወቅ አበል ግን ሰውየውን ከገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ከተስፋ ቃሉም ያራቁተዋል፤ «ለፋሲካ እከፍልሃለሁ» ያለው ሰው ሳይከፍል ሲቀር ሐሰተኛ የሚባለው እርሱ ነውና። የእንዲህ ያለው አበል አስከፊነት እንግዲህ ይህ ነው፤ የከፋዩን ሐሰት በተከፋዩ አፍ ያናግራል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ፥ 18 ዓመት ጐብጣ ቀና ማለት የተሳናትን ሴት ጌታችን በሰንበት ቀን በምኵራብ ሲፈውሳት፥ የምኵራቡ አለቃ ተቈጣ። ቍጣው የተመሠረተበትን ምክንያት ስናይ እንደነቃለን፤ አለቃው መፈወሷን አልተቃወመም፥ ሥራ የሚሠራባቸው ስድስት ቀናት ስላሉ በእነርሱ ትምጣ ነው ያለው። አሳቡ ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት የታገሠች ሴት አንድ ቀን ብትጨምር ምን ትሆናለች? ዛሬም በየመስኮቱ የምንሰማው ቃል ይኸው ነው፤ ይህን ያህል የጠበቁ ሰው እስከ ሰኞ ቢጠብቁ ምን አለበት? የጌታችን ፍርድ ግን በተቃራኒው ነው። ብዙ ዘመን መታሰሯ አንድ ቀን ለመጨመር ምክንያት አይሆንም፤ ዛሬውኑ ለመፍታት ምክንያት ይሆናል እንጂ። በሉቃስ ምዕራፍ 18 አንዲት መበለት ፍረድልኝ እያለች የምትመላለስበትን ዳኛም እናስብ። በታሪኩ ውስጥ ያ ዳኛ ጉቦ ሲበላ አልታየም፥ ፍርድም አላጣመመም፥ በመጨረሻም ለመበለቲቱ ፈርዶላታል፤ ያደረገው በደል ቢኖር ማዘግየት ነው። ዐመፀኛ ተብሎ የተጠራውም ይህን አድርጎ ሳለ ነው።

አሁን ደግሞ ለከፋዩ ወገን ፍትሕ ላድርግ። በመስኮቱ በኩል የምናየው ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ዝርዝሩ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዚያም ወደ በላዩ ይሄዳል፤ በጀቱም በዚያው መሰላል ይወርዳል፤ አንድ ፊርማ የጎደለበት ወረቀት የብዙ መቶ ሰው እንጀራ ይዞ ይቆማል። የእያንዳንዱ ድርሻ ሲመዘን ትንሽ ነው፤ አንዱ ሁለት ቀን፥ አንዱ አራት ቀን፥ አንዱ በልጁ ሠርግ ምክንያት አንድ ሳምንት። የትኛውም ሰው ለብቻው ተነሥቶ «ድኻ አስርቤያለሁ» ብሎ በንስሐ አባቱ ፊት ለመናዘዝ የሚያበቃው ኃጢአት አያገኝም። ሆኖም ድኻው ተርቧል። ኃጢአት ሠሪ የሌለው ኃጢአት ሊኖር ይችላልን?

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ለዚህ የሚሆን እንግዳ ሥርዓት አላት። በሜዳ ተገድሎ የተገኘ፥ ገዳዩም ያልታወቀ ሰው ቢኖር፥ ሽማግሌዎች ከሬሳው አንሥተው በዙሪያው ወዳሉት ከተሞች ርቀቱን ይለካሉ፤ ወደ ሬሳው የቀረበችውም ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር አቅርበው፥ እጃቸውን ታጥበው፥ ስለ ደሙ ይማልዳሉ። ቅርቢቱ ከተማ ገደለች አልተባለችም፤ ቅርብ ስለ ሆነች ግን አይመለከተኝም ማለት አልተፈቀደላትም። በዚህ መለኪያ ከሄድን፥ ከተራበው ሰው ቅርብ ያለው ጠረጴዛ፥ ጥፋቱን ባይሠራውም፥ ነገሩ የእርሱ ነው። ማዘግየቱ የላይኛው ቢሆንም፥ የት እንደ ቆመ ፈልጎ ማግኘት፥ ስልክ መደወል፥ ለሚጠብቀው ሰው እውነቱን መንገር የቅርቡ ሰው ግብር ነው። «ከእኛ አይደለም» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሥርዓት ፊት ግን መልስ አይደለም።

ቀደም ብዬ ወዳቆየሁት ክርክር ልመለስ። ተረጂው ምንም ያላዋጣበት ቀጥተኛ ድጋፍ ሲዘገይ፥ ስጦታ ነውና የጊዜ ሙግት አይነሣበትም ይባላል። የዚህ አገር ሰው ግን ያልተበደረውን ነገር ዕዳ ማድረግ ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ስእለት እንለዋለን። ማንም ሳያስገድደው ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ የተሳለ ሰው፥ ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ መንገድ ላይ አድሮ ያደርሳል፤ ወሩን አሳልፎ በጥር ልውሰደው የሚል የለም፥ ቢል እንኳ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ከአንደበት የወጣ ተስፋ ሰጪውን እንደሚያስረውና ተስሎ ከማዘግየት አለመሳል እንደሚሻል መጻሕፍትም ሰውም የሚስማሙበት ነው። ለድኻ በስሙ ዝርዝር ላይ ተጽፎ፥ ይህን ያህል ይደርስሃል ተብሎ የተነገረው ነገር ከስእለት በምን ያንሳል? ለመልአኩ የተሳለውን በቀኑ የሚያደርስ፥ ለጎባጣዋ አሮጊት የተባለውን ግን ለሚመጣው በጀት ዓመት የሚያሸጋግር ሹም፥ መልአኩ የአሮጊቲቱን ጸሎት የሚያሳርግ መሆኑን የዘነጋ ይመስለኛል።

ይህ ትምህርት የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው ማዘዛቸውን፥ መክፈል እየቻለ የሚያዘገይን ሰውም ግፈኛ ማለታቸውን የወሎም የሐረርም ሙስሊም ያውቀዋል። በሱረቱል በቀራ ቍጥር 280 ደግሞ የተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪመቸው ይጠበቅ ዘንድ ታዝዟል፤ ትእዛዙ የተነገረው ግን ለባለ ገንዘቡ ነው። ጊዜ መስጠት የአበዳሪ ምሕረት ነው፤ ተበዳሪ ለራሱ ቆርሶ የሚወስደው አይደለም። ለጥያቄያችን መልሱ እዚህ ላይ ይገኛል፤ ትዕግሥት የሚጠብቀው ሰው ሀብት ናት፥ ሊሰጣትም ሊከለክላትም ይችላል፤ ከፋዩ ግን ገንዘቡን ይዞ እርስዋንም ጨምሮ ሲወስድ ሁለት ጊዜ ወሰደ።

እንግዲያስ የሚጠብቀው ሰው ምን ያድርግ? ማጉረምረሙ ኃጢአት ነውን? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በዕለት ዕለቱ ክፍፍል መበለቶቻቸው የተዘነጉባቸው ከግሪክ ወገን የሆኑ አይሁድ ባጉረመረሙ ጊዜ፥ ሐዋርያት ታገሡ አላሉም፥ ሃይማኖታችሁ ጎደለ ብለውም አልገሠጹም። ሕዝቡን ሰብስበው ለዚሁ ሥራ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የተመረጡትም መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው መሆን አለባቸው ተባለ፤ እንጀራን በትክክልና በጊዜው ማድረስ መንፈስ ቅዱስ የሚያስፈልገው ሥራ ሆኖ ስለ ተቈጠረ ነው። ሊቀ ዲያቆናት ብለን የምናከብረው ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ወደ አገልግሎት የገባው በዚህ በር ነው። ዲያቆናት በየሰንበቱ በየቤተ መቅደሱ ሲቆሙ፥ ማዕረጋቸው ከክፍያ አቤቱታ የተወለደ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ቢኖር፥ አቤት ባዩን ድኻ በሌላ ዓይን ባየው ነበር። ዳዊት ደጋሚውም ቢሆን፥ እስከ መቼ እያለ አምላኩን የሚጠይቅ መዝሙር በየዕለቱ በአፉ አለ። እግዚአብሔርን እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ ጸሎት ከሆነ፥ ሹምን እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ለሚጠብቀው ወንድሜና እኅቴ የምለው፥ የሄድህበትን ቀን፥ ያነጋገረህን ሰው፥ የተሰጠህን መልስ በደብተር ጻፍ፤ የሰጠኸውን ማመልከቻ ግልባጭ ያዝ፤ ስለ ጡረታ አበልህ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፥ ስለ አስተዳደር በደልም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ከተቋቋመ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ አለ። በደጁ ላይ ብቻህን እንዳልቆምህ ዕወቅ፤ አንድ አቤቱታ ከመዝገብ ቤት ሊቀር ይችላል፥ ሠላሳ ሰው የፈረመበት ግን አንድ ሰው ያነበዋል። ደግሞም በሱቁ በኩል ሂድ። ለባለ ሱቁ አልመጣልኝም ብሎ መናገር ውርደት አይደለም፤ እርሱም ቢሆን ከሚሸሸው ዕዳ ይልቅ የሚታይ ዕዳ ይወዳል። ቍጣህን ለሚገባው ቦታ አቆየው እንጂ ወደ ቤትህ ይዘኸው አትግባ፤ የዘገየው ገንዘብ ሲመጣ ቤትህን በሰላም ያግኘው።

ድኾች እርስ በርሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ይህን ሁሉ ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል። ዕድር ድንኳኑንና አግዳሚውን የሚያመጣው በለቅሶው ዕለት ነው፤ ከሠልስት በኋላ የሚያመጣ ዕድር ቢኖር አባል አይኖረውም ነበር። የዕቁብ ሰብሳቢ ቀኑን አንድ ጊዜ ቢያሳልፍ በሰፈሩ ሁለተኛ ገንዘብ የሚሰጠው አያገኝም። መዝገብ ቤት የላቸውም፥ ሲስተምም የላቸውም፤ ቀን ግን አላቸው።

እንግዲህ ይህን የምታነብ፥ የአበል ዝርዝር በጠረጴዛህ ላይ ያለብህ ሰው ሆይ፥ ዝርዝሩን ዛሬ ከምሳ በፊት ተመልክተህ፥ ፈርመህ፥ ለሚቀጥለው ጠረጴዛ በእጅህ አድርስ። የማይቻል ምክንያት ካለ የሚከፈልበትን እውነተኛ ቀን፥ እርሱም ካልታወቀ ያልታወቀ መሆኑን፥ በግልጽ ጽፈህ ለጥፍ፤ ማስታወቂያውንም ከፎቅ ላይ ሳይሆን ከታች፥ ከዘበኛው አጠገብ አድርገው፤ የማያነብ ቢመጣ ዘበኛው እንዲያነብለት ንገረው።